በክረምት ከዲንሾ በሳነቴ እስከ ደሎ መና በመኪና፦ መንገዱን የምታውቁ ምከሩኝ

ሰናይት ከስቶክሆልም
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ባሌን በደንብ የምታውቁ ሰዎችን ምክር ፈልጌ ነው።

አባቴ ዘንድሮ 72 ዓመት ሞልቶታል። በ1967 ዓ.ም. የ22 ዓመት ወጣት ሳለ ደሎ መና ላይ በአስተማሪነት ተመድቦ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ያን ጊዜ ከጎባ ተነሥቶ የሳነቴን አምባ የተሻገረው በበቅሎ ነበር። እኛ ልጆቹ ያደግነው በዚያ መንገድ ወሬ ነው። ጓዙን የተሸከመችው በቅሎ በጉም ውስጥ ጠፍታባቸው ሌሊቱን ሲጣሩ እንዳደሩ፣ ሲነጋና ሰማዩ ሲገለጥ ከአንድ ትልቅ ጅብራ ሥር ከነጭነቷ ቆማ እንዳገኟት ስንት ጊዜ ነግሮናል! እናቴ ካረፈች ወዲህ ወሬው ቀርቶ ነበር። ባለፈው ፋሲካ በስልክ ስናወራ ግን በመሃል «ሳነቴን አንዴ እንኳ ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አለኝ። አባቴ ከእኔ ገንዘብም ልብስም ጠይቆ አያውቅም። ይህ የመጀመሪያው ጥያቄው ነው።

ችግሩ ጊዜው ነው። የሥራ ፈቃዴም የልጆቼ የትምህርት ቤት ዕረፍትም የሚገጥመው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የስዊድን በጋ የባሌ ክረምት ነው። አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ሁሉ «በክረምት ባሌ ተራራ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» ይሉኛል። እስከ ጥር እንዳልጠብቅ ደግሞ ፈቃድ የለኝም፤ አባቴም በየዓመቱ ጉልበቱ እየደከመ ነው።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። አዲስ አበባ አንድ ሳምንት እንቀመጣለን። ከዚያ እኔ፣ አባቴ፣ ሁለቱ ልጆቼ (የ13 ዓመት ሴትና የ9 ዓመት ወንድ) እና የሚነዳው ወንድሜ በአሰላና በዶዶላ አድርገን ዲንሾ እንገባለን። ከዲንሾ በመኪና ወደ ወብ ሸለቆ ወርደን ብናይ፣ ከዚያ በጎባ ሳነቴን ተሻግረን በሐረና ደን ደሎ መና ብንደርስና በዚያው መንገድ ብንመለስ ብዬ ነው። ለሁሉም ስድስት ቀን አለኝ።

መንገዱ በክረምት ያሳልፋል ወይ? ምን ዓይነት መኪና? የአባቴ የደም ግፊት ከፍታውን ይችለዋል? ልጄ ደግሞ ቀይ ቀበሮ ካላየሁ ብሏል፤ በዝናብ ይታያል? አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ሐዋሳ ስንሄድ የተከራየነው መኪና ጎማው ሲፈነዳ ስኮርታው አየር የለውም፣ ክሪኩም ከነጭራሹ የለም። ያ በአስፋልት ላይ ነበር። ሳነቴ ላይ እንዲህ ቢገጥመኝስ?

የጎባው ሹፌር
ሰኔ 4

እህቴ ሰናይት፣ አባትሽን ይዘሽ ሂጂ። ጥር እስኪመጣ አትጠብቂ።

ተወልጄ ያደግሁት ጎባ ነው። 19 ዓመት ከመና ወደ ጎባ በአይሱዙ ቡና አመላልሻለሁ። በክረምትም በበጋም፣ በቀንም ማለፍ በማይገባኝ ሰዓትም አልፌበታለሁ። ስለዚህ የምነግርሽን አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ አስበልጠሽ ያዢው። ሳነቴ የጠዋት መንገድ ነው። ከጎባ በ12 ሰዓት ጠዋት ተነሡ። በ5 ሰዓት የሪራን ቁልቁለት ጀምራችሁ መገኘት አለባችሁ። ስትመለሱም እንዲሁ፤ ደሎ መና ወይም ሪራ እደሩና በማለዳ ውጡ። በክረምት ጠዋት ብዙውን ጊዜ ሰማዩ ክፍት ነው። ከቀትር በኋላ ግን በምንም ምክንያት፣ ማንም ቢያስቸኩላችሁ፣ እንዳትወጡ።

ለምን እንደምል ልንገርሽ። ሐምሌ ነበር። ቡና ጭነን ከመና ስንመጣ ሐረና ውስጥ ጎማ ፈነዳብንና ስንቀይር ቆየን። አምባው ላይ ስንወጣ ከቀኑ 9 ሰዓት ሆኗል። ሰው ጉም ከላይ የሚወርድ ይመስለዋል። የሳነቴ ጉም ግን ከሐረና በኩል ከገደሉ ሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከኋላህ ተከትሎህ ይመጣና ያልፍሃል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ የራሴን መኪና አፍንጫ ማየት አቃተኝ። ቀጥሎ በረዶው መጣ፤ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል በረዶ የፊት መስታወቱን ይደበድባል። መቆም አልቻልኩም፤ ከኋላ ሌላ መኪና ይመጣል። ረዳቴ ወረደና ከፊት ከፊት ይሄድ ጀመር። ቀይ ብርድ ልብስ ነበረው፣ እሱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። እኔ የማየው ሰውየውን አይደለም፣ ያንን ቀይ ነገር ብቻ ነው። ቀዩ ወደ ግራ ሲሄድ መሪውን ወደ ግራ፣ ሲቆም ፍሬን። ነጭ ጋቢ ለብሶ ቢሆን ኖሮ ከጉሙ አልለየውም ነበር። ሦስት ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ረዳቴ ሲገባ ጣቶቹ መጨበጥ አቅቷቸው የመኪናውን በር የከፈትኩለት እኔ ነኝ። አባትሽ በቅሎዋ ጠፋች ሲሉ ያወሩት እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልጨመሩበትም።

ስለዚህ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ልብስ ያዙ።

ወደ መኪናው ልምጣ። ፎርዊል መሆን አለበት፤ ከጎባ እስከ መና ያለው 110 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ኮረኮንች ነው፤ ሐረና ውስጥ ሲዘንብበት ቀይ ጭቃ ይሆናል። አምባው ላይ ያለው ጠጠር መንገድ በክረምትም ደህና ነው፣ ዋናው ፈተና ከአምባው ወደ ሪራ የሚወርደው ጠመዝማዛ ነው። ከ4,000 ሜትር ወደ 2,900 የምትወርጂው በአጭር ርቀት ነው። ወንድምሽ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ እንዳይወርድ። ገና ከላይ ሳለ ከባድ ማርሽ ያስገባና መኪናው ራሱን ይዞ ይውረድ። ፍሬን የሚነካው ኩርባ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ሰፊ ቦታ ፈልጎ ይቁምና እስኪበርድ ይጠብቅ። ውሃ እንዳይደፋበት፣ ብረቱ ይሰነጠቃል።

አንድ ሌላ ነገር። ሳነቴ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 60 እጅ ያህሉ ብቻ ነው። ሰው እንደሚያለከልከው ሞተርም ያለከልካል። ቱርቦ የሌለው የድሮ ናፍጣ መኪና ከሆነ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ወንድምሽ ተበላሸ ብሎ እንዳይደነግጥ፤ ማርሽ ቀንሶ ቀስ ብሎ ይንዳ። ናፍጣ ጎባ ላይ ሞልታችሁ ተነሡ። ትኩስ ሻይና ቡና በፔርሙስ ከጎባ ያዙ፤ አምባው ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምግብ ላብስል ማለት ድካም ነው።

መኪናውን ስትከራዪ ቃል አትመኚ። ስኮርታውን ከነበረበት አውርደሽ መሬት ላይ አንጥሪው። ክሪኩን ራሱ ወንድምሽ አንድ ጊዜ መኪናው ሥር አስገብቶ ያንሣበት። የጎማ ቁልፉ ከብሎኑ ጋር ይግጠም አይግጠም አይታችሁ ነው ከግቢው የምትወጡት። ጎባ ስትደርሱ ደግሞ ጎሚስታ ጋ ገብታችሁ ነፋሱን አስለኩ። የመንገዱን የዕለት ሁኔታና ሰላሙን ጎባ መነኸሪያ ከመና የገቡትን ሹፌሮች ጠይቁ። ትናንት ያለፈ ሰው የሚነግራችሁ እኔ ዛሬ እዚህ ከምጽፍላችሁ ይበልጣል።

ወደ ወብ ሸለቆ በሐምሌ በመኪና አትሂዱ። ዱካው ሜዳ ይመስላል፣ ሣሩ ሥር ግን ረግረግ ነው። ገብቶ የሰጠመ መኪና በሰው ጉልበት ስንጎትት ውለን ያደርንበት ቀን አለ። ሣሩንም የመኪና ጎማ ቀዶት ዓመት ሙሉ አይሽርም፤ ያ ያናድደኛል። ዲንሾ ፈረስ አለ።

አንድ ነገር አባትሽን ጠይቂልኝ። በቅሎዋ የተገኘችው አምባው ላይ ካለው ከቱሉ ዲምቱ ተራራ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ? የድሮው የበቅሎ መንገድ አሁን መኪና ከሚሄድበት የተለየ እንደነበር አያቴ ይነግረኝ ነበር። በየት እንዳለፈ የሚነግረኝ ሰው ግን አላገኘሁም።

ሮቤ የሠራች ነርስ
ሰኔ 5

እህቴ፣ የጎባው ሹፌር የጻፈውን ሁሉ ተቀበዪ። እኔ ስለ ጤናው ልጨምር።

የምትጨነቂው ስለ አባትሽ ነው። እኔ ግን ይበልጥ የማስበው ስለ አንቺና ስለ ልጆቹ ነው። አባትሽ አዲስ አበባ ማለት ከ2,300 ሜትር በላይ ዕድሜያቸውን የኖሩ ሰው ናቸው፤ ደማቸው ለምዶታል። እናንተ ከባሕር ጠረፍ ነው የምትመጡት። አዲስ አበባ አንድ ሳምንት መቀመጣችሁ በጣም ጥሩ ነው፣ እንዳታሳጥሪው። ከዚያ በአንድ ቀን ዲንሾ ከመግባት አሰላ ወይም በቆጂ አንድ ሌሊት እደሩ። ዲንሾ 3,000 ሜትር ያልፋል፣ እዚያ ሁለት ሌሊት ስታድሩ ሰውነታችሁ ይላመዳል። ሳነቴ ላይ ግን ማደር የለም፤ አልፋችሁ መውረድ ብቻ። ድንኳን ተከሉ የሚላችሁ ቢኖር ለዚህ ቤተሰብ አይሆንም።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ እንቢ ማለት ብዙ ሰው ላይ ይመጣል። ልጅ ደግሞ ራሴን አመመኝ ከማለት ይልቅ ይነጫነጫል ወይም ዝም ይላል፤ የ9 ዓመቱን ልጅ ተከታተዪው። ከዚህ ያለፈ ነገር ካየሽ፣ ማለትም ሰው ንግግሩ ሲደናገር፣ ሲራመድ ሲንገዳገድ፣ ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ እስኪሻለው አትጠብቂ፤ ወዲያውኑ ውረዱ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ደግነቱ ከሳነቴ በሁለቱም በኩል ቁልቁለቱ ቅርብ ነው።

የአባትሽን ግፊት ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸው ይይላቸው፤ መሄጃችሁ ከ4,000 ሜትር በላይ መሆኑን በግልጽ ንገሪው። መድኃኒታቸው ከሻንጣ ጋር ጣሪያ ላይ አይጫን፣ ኪሳቸው ውስጥ ይሁን። አምባው ላይ ወርደው ሲሄዱ እንደ ከተማ አይራመዱ፤ አሥር እርምጃ ሄዶ መቆም፣ እንደገና አሥር እርምጃ። ሰማዩ ደመና ቢሆንም ፀሐዩ ያቃጥላል፣ የልጆቹን ፊትና ከንፈር ቅባት ቀቢ።

ታምራት ከዶዶላ
ሰኔ 5

መንገዱን በአሰላ ማድረግሽ ትክክል ነው። በሻሸመኔ የሚሄዱ አሉ፣ እኔ ግን ሽማግሌና ልጆች ይዤ ብሆን አሰላን እመርጣለሁ፤ አስፋልት ነው፣ ግራና ቀኙ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው፣ ሐምሌ ላይ አረንጓዴው ዓይን ይሞላል። በቆጂ ካደራችሁ ልጆችሽን በማለዳ ቀስቅሻቸው። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የወጡበት ከተማ ነው፤ ዛሬም ጎሕ ሲቀድ ልጆች በቡድን ሲሮጡ ታያላችሁ። ከዶዶላ በኋላ አዳባን አልፋችሁ ወደ ዲንሾ ስትወጡ ከብትና ፈረስ አስፋልቱ ላይ ስለሚተኛ ወንድምሽ አይቸኩል።

የወብ ልጅ
ሰኔ 6

እንደምን አሉ እህት ሰናይት። ዲንሾ ተወልጄ ነው ያደግሁት። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ስማር በየዕረፍቱ ቀይ ቀበሮ ከሚከታተሉ ሰዎች ጋር እሠራ ስለነበር የልጅዎን ጥያቄ ልመልስ።

ይታያል። በክረምትም ይታያል። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ ሌሊት አያድንም፤ በቀን፣ ለየብቻው ነው የሚያድነው። የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው። በተለይ ትልቁ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም። ልጅዎ ቀበሮውን ከመፈለጉ በፊት ፍልፈሉን ይፈልግ። አዲስ የተቆፈረ ጥቁር አፈር ክምር ካየ አጠገቡ ዝም ብሎ ይቁም። ትንሽ ቆይቶ አፈሩ ይንቀሳቀስና ሰፊ ጭንቅላት ብቅ ይላል፣ ሣር ነጭቶ ወደ ኋላው ይገባል። ከጉድጓዱ አጠገብ አንዲት ቡናማ ወፍ ቆማ ካየ ቦታው ትክክል ነው ማለት ነው። ወፏ ፍልፈሉ የሚያወጣውን ትል ትጠብቃለች። ቀበሮውም ወደዚያው ይመጣል። ሲመጣ እግሩን እየቆጠረ ነው የሚራመደው፤ ጆሮውን ወደ ፊት አድርጎ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ እንደቆመ ብዙ ይቆያል። አንዳንዴ ከከብት መንጋ መሃል ገብቶ ከብቱን ከለላ አድርጎ ሲያድን አይቻለሁ። የእኛ አገር ሽማግሌዎች «ጄዴላ ፈርዳ» ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው፤ የምትወልድ ባዝራ ተከትሎ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ።

በዓለም ላይ ያለው ለአቅመ መውለድ የደረሰ ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም። ከግማሽ በላዩ እኛ ጋ ነው። ስለዚህ ሦስት ልመና አለኝ። ሳነቴ ላይ ሜዳ ነው ብላችሁ አትፍጠኑ፣ በመኪና የሚሞቱ አሉ። ብስኩትም ሆነ ሥጋ አትወርውሩለት፤ መኪና የለመደ ቀበሮ መንገድ ላይ ይቆማል። ከዘመድ ቤት ውሻ ይዛችሁ አትምጡ። እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ወብ ሸለቆ ገብቶ ከዚያ ካሉት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨረሰ። ያኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፣ አባቴ ግን ከብት ሲጠብቅ በየጉድጓዱ አፍ ሞተው ያያቸው እንደነበር ሲነግረኝ ዛሬም ድምፁ ይለወጣል። አሁን የመንደሩ ውሾች ይከተባሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮዎቹ በሚበላ ነገር ውስጥ ክትባት መስጠት ተጀምሯል።

ወብ ሸለቆን በፈረስ ይሂዱ፤ ልጆቹም አባትዎም ይችሉታል። ዲንሾ ካለው ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መሥሪያ ቤት አስጎብኚ ይዘው በጠዋት ይነሡ። እስከ ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ለልጅ ስለሚከብድ እስከ ሸለቆው አፋፍ ደርሰው ቢመለሱ ይበቃል። ሸለቆው 3,500 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ነው፣ በክረምት በየቦታው ውሃ ይተኛበታል። ከፏፏቴው አጠገብ ያለውን የድንጋይ ዋሻ እኛ በልጅነታችን ከብት ዝናብ የምናስጠልልበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት እዚያ ዋሻ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች ይኖሩ እንደነበር አሳየ። ምግባቸው ያው ትልቁ ፍልፈል ነበር፣ ጠብሰው ነው የሚበሉት፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት ድንጋይ ደግሞ ያኔ በረዶ ግግር ከነበረበት ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተው ያመጡት ነበር። ይህን ስሰማ አመድ የመሰለውን የዋሻውን ወለል በእግሬ ስንት ጊዜ እንደረገጥኩት አስቤ ዝም አልኩ።

አጋዘን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከአዳባ በኩል ወደ ዲንሾ ሲገቡ የጋይሳይ ሜዳ አስፋልቱ ዳር ነው። በጠዋት ወይም ማታ 11 ሰዓት ላይ መኪናውን አቁመው ይዩ፤ የደጋ አጋዘን፣ ከርከሮ፣ የምኒልክ ድኩላ ይገኛል።

ሰናይት ከስቶክሆልም
ሰኔ 7

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ የጎባው፣ ምክርዎን አትሜ ለወንድሜ ልኬለታለሁ። አባቴን ስለ በቅሎዋ በስልክ ጠየቅሁት። «በቃል አይሆንም፣ ቦታው ላይ ቆሜ ነው የምነግረው» አለኝ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ሐረና ውስጥ የት ብንቆም ይሻላል?

የጎባው ሹፌር
ሰኔ 7

ሪራ ላይ ቁሙ። ገደሉን ወርዳችሁ ወደ ኋላ ቀና ስትዪ የወረድሽበት ግድግዳ በጉም ተሸፍኖ ታዪዋለሽ። ከአምባው ጠርዝ ስትወርዱ መጀመሪያ አስታ ነው፣ ግንዱ ሁሉ ሽበት የመሰለ ሽበቶ የተንጠለጠለበት። ከዚያ ኮሶና አምጃ፣ ከዚያ ቀርከሃ። ቀርከሃው ውስጥ የባሌ ጦጣ አለ፤ ምግቡ ቀርከሃ ነው፣ ዝም ካላችሁ ቅጠሉ ሲሰበር ትሰማላችሁ። ዝቅ ስትሉ ደግሞ ሰው ያልተከለው ቡና ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ ታገኛላችሁ። ቀና ካላችሁ ከግንድ የተፈለፈለ ቀፎ ዛፉ ጫፍ ላይ ተሰቅሎ ታያላችሁ። ሰው በገመድ ነው የሚወጣው። ማር ስትገዙ ከባለቤቱ ግዙ፣ ሳትከራከሩ። እንዴት እንደሚወርድ ያየ ሰው ዋጋ አይከራከርም።

ሰናይት ከስቶክሆልም
ነሐሴ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሄደን ተመለስን። ለሚቀጥሉት መንገደኞች ይጠቅማል ብዬ ልጻፍ።

መኪናውን ስንረከብ ስኮርታውን አስወርደን አንጠርነው፤ አልነጠረም። ሌላ ካልተሰጠን አንፈርምም ብለን ሁለት ሰዓት ቆመን ተቀየረልን። ያ ጎማ ከሪራ በታች አስፈልጎናል።

በቆጂ አደርን፣ ዲንሾ ሁለት ሌሊት አደርን። እንደተባለው አባቴ ምንም አልሆነም፤ ራሴን ያመመኝ እኔን ነው፣ ሁለተኛው ቀን ለቀቀኝ። ወብ ሸለቆ በፈረስ ሄድን። አፋፉ ላይ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ ሸለቆው ከዳር እስከ ዳር ውሃ ተኝቶበት ያበራል፣ ከታች የእረኞች ጎጆ ጭስ ይታያል። ልጄ ፈረሱ ላይ ሆኖ ምንም አልተናገረም፤ የተናገረው ማታ ነው፣ ለእህቱ።

ከጎባ በ12 ሰዓት ተነሣን። አምባው ላይ ስንወጣ ፀሐይ ነበር፣ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ቀይ ቀበሮውን ያየው ልጄ ነው። ከመንገዱ 40 እርምጃ ያህል ርቆ፣ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ፣ አፈር ክምር ፊት ለፊት ቆሟል። መኪናውን አጥፍተን ተቀመጥን። የኋላ መስኮቱ በልጆቹ ትንፋሽ ሲደበዝዝ ልጄ በክርኑ ይወለውላል። ቀበሮው ዘለለ፣ አፈሩ ውስጥ እስከ ትከሻው ገባ፣ ሲወጣ አፉ ውስጥ ነገር አለ። ጭንቅላቱን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርጎ ይዞት ሄደ። ፀጉሩ እንዴት ቀይ እንደሆነ በፎቶግራፍ አይታይም።

አባቴ ግን ወደዚያ አላየም። በሌላው በኩል ወርዶ፣ ነርሷ እንዳለችው አሥር አሥር እርምጃ እየቆጠረ፣ ወደ አንድ ጅብራ ሄዶ ግንዱን በመዳፉ ይዞ ቆመ። ቀስ ብዬ ተከተልኩት። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰም፣ አቅጣጫ እያየ ነው። «ይህ አይደለም» አለኝ። ወደ መኪናው ተመለሰና ከወንድሜ ጎን ተቀምጦ መስኮቱን ከፍቶ በብርዱ ውስጥ እያየ ሄደ። ሦስት ጊዜ አስቆመን።

ሪራ ላይ ማር የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አገኘን። አባቴ «አካም ጅርቱ» አላቸው። ከዚያ በኋላ የተባባሉትን አላውቅም፤ አባቴ ኦሮምኛ እንደሚናገር ከወሬው ባውቅም ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያልተነገረ ቋንቋ መጀመሪያ እየተሰናከለ፣ ቀጥሎ እየፈጠነ ሲወጣ ልጄ አፏን ከፍታ ታየዋለች። ማሩን ሳንከራከር ገዛን።

ከሪራ በታች ጭቃው ከባድ ነው፣ ሁለት አይሱዙ ተጣብቀው ሁለት ሰዓት ጠብቀናል፤ አካፋ ይዛችሁ ሂዱ። ደሎ መና አንድ ሌሊት አድረን በማለዳ ተመለስን፣ በ4 ሰዓት ጎባ ገባን።

ጋሼ የጎባው፣ አባቴ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት ብሎኛል። በቅሎዋ የተገኘችው ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ ወደ ሪራ መውረጃው ሊቃረብ ሲል ነው። ከጎባ ሲመጡ በስተግራ ትንሽ ኩሬ አለች፤ የበቅሎው መንገድ በኩሬዋ ወዲያኛው ዳር ነበር የሚያልፈው። ጅብራው የለም፣ ግን ቦታው ያ ነው፤ ሄደህ እይ ብሎሃል።